የእናቴ የክርስትና ስም

ሰኞ
የለችም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቴም «ምንም አልተገኘም» አለኝ።
እናቴ የተቀበረችበት የቤተ ክርስቲያን መቃብር ሊነሳ ነው። እስከ ቅዳሜ ዘመድ ያላስመዘገበው አፅም በጅምላ አንድ ጉድጓድ ይገባል። የቀብር መዝገቡን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተውታል፣ ፈላጊው ራሱ ይፈልግ ተብሏል። እኔ ደግሞ ጎጃም በረንዳ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት «እናቴ ብርቄ ወልዴ የት ተቀበረች» ብዬ ነው፣ ሰው እንደምጠይቅ። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ሳቀች። «እህቴ፣ ስም ብቻ።» አፈርኩ።

ማክሰኞ
ሱቅ አልከፈትኩም። ብርቄ። ብርቅነሽ። ብርቄ ወልደ። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል። ከኋላዬ የተሰለፉት ተነጫነጩ።
ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቀብር አልወሰዱኝም። የእንጨት መስቀሏም ከወደቀ ቆይቷል።
ስወጣ ጸሐፊዋ ተከተለችኝ፦ «መዝገቡ እኮ በክርስትና ስም ነው።»
አላውቀውም። የገዛ እናቴን ስም።

ረቡዕ
ሰባተኛ ሰፈር፣ እትዬ አስካለ ቤት። ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ቅቤ ይሸጡ ነበር። አሁን አልጋ ላይ ናቸው፣ ዓይናቸውም አያይም። በድምፄ አወቁኝ። «ወለተ... ወለተ ማን ነበረች?» እያሉ አለቀሱ። ተስፋ ቆርጬ ስነሳ እጄን ያዙኝ። «ሥላሴ! በወር በወሩ በሰባት ትዘክር አልነበር! በፍልሰታ ጾም ነው የቀበርናት፣ በዚያ ዝናብ።»

ሐሙስ
ወለተ ስላሴ። ምንም አልተገኘም። ልጮህ ምንም አልቀረኝ።
«በንጉሡ ሠ ሞክሪው» አለችኝ ጸሐፊዋ። ለካ በእሳቱ ሰ ነው የጻፍኩት። ለኮምፒውተሩ አንድ አይደሉም።
መጣ! ግን ገጹ ሙሉ ወለተ ሥላሴ። ስትሞት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዓመቱን አስልቼ ጨመርኩ። ነሐሴን ጨመርኩ። ሁለት ቀሩ፣ በሁለት ቀን ልዩነት የተቀበሩ። የአባት ስም የለም። ዕድሜ የለም።

ዓርብ
እትዬ አስካለ ቀኑን አያስታውሱም። ሁለት ወለተ ሥላሴ መቅረታቸውን ነገርኳቸው። «ሌላዋንስ የጠየቀ ሰው አለ፣ ልጄ?»
አላውቅም አልኳቸው።

ቅዳሜ
የጠየቀ የለም።
«አንዷን ምረጪ፣ ልንዘጋ ነው» አለችኝ ጸሐፊዋ።
ሁለቱንም አልኳት።
«ዝምድና?»
እናት።
«የሁለተኛዋስ?»
እናት።
ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች።
ስመለስ ለሁለት አፅም መጠቅለያ የሚበቃ አቡጀዲ ገዛሁ። የትኛዋ እንደሆነች እስክሞት አላውቅም። ብቻ የጅምላው ጉድጓድ ውስጥ አትገባም።