ሳያንኳኳ ይግባ

እኔ፣ ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የፈጀሁት የዚህ ቤት ባለቤት፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፈው ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ምስክሮቼ መድኃኒት ሻጯ ጎረቤቴ፣ ክር የሚያቀርብልኝ ነጋዴና ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ወንድሜን ከበሩ አጠገብ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱን በቦታው እናገራለሁ።

አንደኛ፤ የስፌት መኪናዎቼና መቀሶቼ ለአንዲት ልጄ ይሁኑ። ልጄ ሆይ፣ አሮጌውን መኪና እንዳትሸጪው። አባትሽ ከባሕር ማዶ መጥቶ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ መኪና ሲተክል፣ ከወዳደቀ ዕቃ ገጣጥሞ የሠራልኝ ነው። ቋንቋችንን ገና ስላልቻለ እወድሻለሁ ያለኝ በዚያ ነው።

ሁለተኛ፤ የክረምት ካፖርቴን ለመድኃኒት ሻጯ ሰጥቻለሁ። ዓይኗ ካረፈበት ስንት ዘመኑ! አትሳቂ፣ አንቺን ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ከረሜላም ያንቺ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቤቱ። ቤቱን ያወረሰኝ አባቴ ነው። ያንን ሰፈሩ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ይለው የነበረውን ሰው ላገባ ነው ስል፣ ወንድሜ «የሰው አገር ሰው ነው፣ ነገ ቤቱን ሸጦ ውልቅ ይላል» ብሎ የቅድመ ጋብቻ ውል አስረቅቆ መጣ። በውሉ አልተቀየምኩም። ቤቱ የእኔ፣ የእሱ ጥሪትና ዕዳ የእሱ ተባለ፤ መልካም። ወንድሜ ግን ይህ አልበቃው ብሎ አንድ አንቀጽ አስጨመረ፦ ባል ወደዚህ ቤት የሚገባው ሚስት ስትፈቅድለት ብቻ ነው፤ አንቀጹም ያለ ወንድሟ ፊርማ አይሻርም። አስተርጓሚው ቃል በቃል ነገረው። ሽቦዬም በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ፈረመ። እኔ ሳቅሁ፤ የወረቀት ነገር መስሎኝ።

በተጋባን ማግስት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ዳቦ ታቅፎ ቆሟል። «ምነው? ግባ እንጂ!» ብለው፣ «ፈርሜያለሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ኧረ የምን ቀልድ! እስኪሞት ድረስ በጋብቻ ቀለበቱ ሦስት ጊዜ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ያደርጋል፤ ግባ እስክለው ንቅንቅ አይልም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አለቀስኩ። «ያንቺ ቤት ነው፣ የእኔ ደግሞ ቃሌ ነው» ይላል። ዝናብ እየወረደበት በሩ ላይ ቆሞ ሳየው አንጀቴን ይበላዋል። ወንድሜን ፈርመህ ሻርልኝ ብለው፣ «እሱ ከጃጃለ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ሳቀብኝ። ወንድምዓለም፣ ያንን ሳቅህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አራተኛ፤ ቀለበቱን ከሬሳው ጣት ያወለቅሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። በተቀበረ ዕለት፣ ሲመሻሽ፣ በሩ በቀለበት ተንኳኳ። አንገቴ ላይ ያለውን ስጨብጠው ብርድ ላይ እንደቆየ ሰው እጅ ቀዝቅዟል። የለመድኩትን «ግባ» አልኩ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ማንም የለም። ጥቂት ቆይቶ አልጋዬ በእሱ በኩል ረገብ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ምሽት ቀርቶ አያውቅም። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን «እማዬ፣ ማን ነው?» ትለኝ ነበር። «አባትሽ ነዋ» ስላት መጠየቁን ተወችው። እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ልጄም ስታስታምመኝ ባደረች ጊዜ ባዶው ቤት እስኪነጋ ሲንኳኳ እንዳደረ መድኃኒት ሻጯ ታውቃለች፤ መስኮቷን በብርድ ልብስ ደፍናለች።

እንግዲህ እኔ መሞቴ ነው። ልጄም እጮኛዋን ተከትላ ወደ አገሩ ልትሄድ ነው። ማን ግባ ይበለው? ሞቼም ከዚህ ቤት አልወጣምና፣ እኔ ውስጥ፣ እሱ ደጅ ሆነን ልንቀር ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አምስተኛ፤ ስለዚህ የቤቱን እኩሌታ ለልጄ፣ እኩሌታውን ለባሌ ሰጥቻለሁ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «እመቤቴ፣ ሟች አይወርስም» አለኝ። «ሟች ያንኳኳል እንዴ?» አልኩት። ጻፈ።

ልጄ ሆይ፣ አንቺም የሰው አገር ሰው ልታገቢ ነው። ውል አትፈርሚ አልልሽም፤ ፈርሚ። ንብረቱም፣ ዕዳውም፣ ብትለያዩ የሚሆነውም ተለይቶ ይጻፍ፤ በምታውቂውም ቋንቋ ይነበብልሽ። ነገር ግን አጎትሽ ትናንት በጆሮሽ ያንሾካሾከልሽን ዓይነት አንቀጽ እንዳታስገቢ። አልጋሽን የሚጋራ ሰው እንግዳ ተብሎ አይፈረምበትም።

ስድስተኛ፤ ያ አንቀጽ ይሻር። እኔ ፈርሜያለሁ፤ የቀረው የወንድሜ ፊርማ ነው። «ለሙት ሰው አልፈርምም! ሰው ምን ይለኛል?» ብሏል። ይጻፍበት።

እንግዲህ መሽቷል። ወንድምዓለም፣ ዛሬ ግባ የምለው እኔ አይደለሁም። ከበሩ አጠገብ ያስቀመጥኩህ ለዚህ ነው። ጸሐፊ ሆይ፣ የሚሆነውን ሁሉ ስነግርህ ጻፍ።

ይኸው ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ዝም ብያለሁ። ዳግመኛ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ቀለበቱ ደረቴን እንደ በረዶ አቃጠለው። «ግባ በይው እንጂ! በእናታችን ይሁንብሽ፣ በይው!» ይለኛል። ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝኳት። አሁንም አንዴ ቋ አለ። ሁለቴ። ወንድሜ ብዕሩን ከጸሐፊው እጅ ነጠቀ። ከስድስተኛው ቃሌ ሥር ፈረመ።

ሦስተኛው አልመጣም። የበሩ እጀታ በራሱ ዞረ፤ በሩ ተከፈተ፤ ተመልሶ ተዘጋ። ግባ ያለው ማንም የለም፤ ይህ በግልጽ ይጻፍ። አልጋው በእሱ በኩል ረግቧል። ቀለበቱ ሞቀ። ሌላ የምናዘዘው የለኝም፤ መብራቱን ዝቅ አድርጉልኝ።

ተናዛዧ፣ አንድ እጇን ከአልጋው ባዶ ጎን ሳታነሣ፣ በሌላው ፈርማለች።
ምስክር፣ መድኃኒት ሻጯ፤ ሰምታለች፣ አይታለች፣ ፈርማለች።
ምስክር፣ ክር ነጋዴው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር የሰማውን ብቻ መስክሮ ፈርሟል።
ምስክር፣ ታላቅ ወንድም፤ ፈርሟል። ሲወጣ ማንም ባልቆመበት በር ላይ ቆም ብሎ «ይቅርታ፣ ልለፍ?» ሲል ጠይቋል።