በአስተያየት መዝገቡ ላይ የጻፍኩልሽ

ውድ ሳቂታ፣

ትናንት ስደውልልሽ «እባክዎ እትዬ፣ ከእንግዲህ ስለ እኔ ምንም ነገር አይጻፉ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። እውነትሽን ነው። ግን ይኸው ደግሞ እየጻፍኩ ነው፤ የዛሬው ወረቀት ከሥራ አያስባርርሽም፣ አንዴ ተባረሻል። ስልክሽን የሰጠኝ የሱፐርማርኬቱ ጥበቃ ይህንንም ቤትሽ ድረስ ሊያደርስልኝ ቃል ገብቷል።

ታውቂኛለሽ፤ ሦስተኛው ሒሳብ መክፈያ ላይ ወረፋ የማስረዝመው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን እሽግ ገልብጬ ሳላነብ ቅርጫት ውስጥ አልከትም። ሻይ ቅጠሉን የለቀሙት ሰዎች በአግባቡ ተከፍሏቸዋል ወይ፣ ሳሙናው እንስሳት ላይ ተሞክሯል ወይ፣ ዶሮዎቹ ሽቦ ውስጥ ታፍነው ነው ወይ እንቁላል የጣሉት። ባለቤቴ «ልትገዢ ነው ወይስ ልትመረምሪ?» እያለ ይቀልድብኛል። አንቺ ግን አንድም ቀን ፊትሽን አላጠቆርሽብኝም። እንዲያውም አንዴ እንቁላሉን በሌላ ልለውጥ ስመለስ «ይሂዱ እትዬ፣ ዶሮዎቹም ይመርቁዎታል» ብለሽ የተሰለፈውን ሁሉ አሳቅሽው። ባልደረቦችሽ ሳቂታ ያሉሽ ወደው አይደለም።

የዚያን ቅዳሜ ሽንኩርቴ ከእጄ አምልጦ ባንኮኒው ሥር ገባ። ላነሳው ጎንበስ ስል እግሮችሽን አየሁ። ጫማሽን አውልቀሻል፤ ቁርጭምጭሚትሽ አብጦ አጥንቱ አይታይም። የሰባት ወር ሆድሽን ይዘሽ፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሻል። ቀና ስል ፈገግ አልሽ። ለሰላምታ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ልመና ነበር።

አንጀቴን በላሽው። እና ምን አደረግኩ? በቀጥታ ወደ አስተያየት መዝገቡ ሄድኩ። «ነፍሰ ጡር ሆና፣ እግሯ አብጦ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጣም ቢሆን በፈገግታ የምታስተናግድ ልጅ ናት፤ ልትሸለም ይገባል» ብዬ ስሜንና ፊርማዬን አኖርኩ። ጽድቅ እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ገንዘብ ተቀባይ ሥራ ላይ መቀመጥ ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅማ።

ሰኞ ስመጣ በቦታሽ ሌላ ልጅ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ ከሩቅ አይቶኝ እጁን ዘርግቶ መጣና፣ «እትዬ፣ ጥቆማዎን ተቀብለን እርምጃ ወስደናል» አለኝ። ጥቆማ ነው ያለው። ምስጋና መጻፌን ባስረዳውም መቀመጥሽን እኔው ራሴ እንደመሰከርኩ ነግሮ ገጹን አሳየኝ።

ቅርጫቴን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ሁለተኛ እዚህ ቤት አልገዛም ብዬ ማልኩና ማዶ ወዳለው ሱፐርማርኬት ተሻገርኩ። እዚያ ስድስት ገንዘብ ተቀባዮች አሉ፤ ስድስቱም ቆመው ነው የሚሠሩት። ስድስቱንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እዚያ ገብቼ እንደወጣሁ ላስታውስ እንኳ አፈርኩ። መሐላዬ አንድ ሰዓት አልቆየም። ሱቅ እየቀየሩ መሸሽ እንደማያዋጣ ገባኝ። እሽግ ማንበብ ቀላል ነው፤ እሽግ ቀና ብሎ አያይሽም።

በማግስቱ ተመለስኩና ያንን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ሥራ አስኪያጁ ዕቃዬን ገዝቼ እንድሄድ፣ የሠራተኛ ጉዳይ እንደማያገባኝ ሲነግረኝ፣ «ምስክር ያደረግከኝ አንተው ነህ» አልኩት። ከዚያ በቀጥታ ሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊዋ አቤቱታው በራስሽ መቅረብ እንዳለበት፣ እኔ ግን መመስከር እንደምችል አስረዳችኝ። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት እንድንመጣ ቀጥራናለች። በእኔ መጓተት ሲነጫነጩ ከነበሩት ደንበኞች አሥራ አንዱ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ፈርመዋል። አንዱማ «መጀመሪያ አንብቤው ልፈርም» ብሎ የእኔኑ ነገር መለሰልኝ።

ይቅር በይኝ። ክፉ አላሰብኩም ማለት አይበቃም፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው ሥራሽን ያጣሽው፣ ያውም ልትወልጂ ሁለት ወር ሲቀርሽ። ደግሞም ሳትጠይቂኝ እጄን እያስገባሁ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ካልመጣሽ አልቀየምሽም፣ ስምሽንም አላነሳም። እኔ ግን እሄዳለሁ፤ ስለ ክልከላው ብቻም ቢሆን እናገራለሁ፣ መልስ እስኪሰጡኝም እመላለሳለሁ። ከመጣሽ ደግሞ ጎንሽ ቁጭ ብዬ ያቺን ገጽ በራሴ አንደበት አነባታለሁ።

ኃላፊዋ ምን እንዳየሁ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ቆማ አስተናገደችኝ፤ መቆሟን ያየሁት የተቀመጠች ዕለት ነው፣ እላታለሁ።

ሐሙስ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢሮው በር ላይ የምትጠብቅሽ፣
ደንበኛሽ