ያልተከፈተው መስኮት

ውድ ሚስተር አቬሪል፣

እኔን በሥዕል ስለው ለእናቴ «የሞተችው ልጅሽ ናት» ብለው ሰጧት። በደልዎ ይህ ነው።

የታመመች ሕፃን ልሳል ብለው ቤታችን ሲመላለሱ እህቴ ሞርዌና የፊቷ ሥዕል ሳያልቅ ሞተችብዎ። ከቀብሩ ማግስት የሌሊት ልብሷን አልብሰው አልጋዋ ላይ አስተኙኝ። «መልክህ የእሷው ነው፤ አትንቀሳቀስ። ስንጨርስ የዘቢብ ዳቦ አለህ» አሉኝ። እኛ ዓሣ አጥማጆች ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት እንከፍታለን። እናቴም የከፈተችውን ገና አልዘጋችም ነበር። ንፋሱ ፀጉሬን ቢያወዛውዝብዎ ተነሥተው ዘጉት። እንደተዘጋም ሳሉት።

እግርጌዬ ደግሞ ድመት ጨመሩ። የሥዕሉ ኅትመት ሲደርሰን አጎቴ ጃጎ አየና፣ «ይቺ ድመት የማን ናት? እዚህ ቤት ብትገባ እንኳን ዓሣውን እኛንም በበላችን» ብሎ አሾፈ።

እናቴ አልሳቀችም። ጣቷን መስኮቱ ላይ አድርጋ «ዘግተውባታል» አለች።

ከዚያ ወዲያ በመሸ ቁጥር ሥዕሉን «ደህና እደሪ» ትለዋለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። ወደ እኔ ሳትዞር መብራቱን ታጠፋለች። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«ዝም በል፤ ትቀሰቅሳታለህ።»

«ሥዕሉ እጅ ላይ ያለውን ጠባሳ እይው። ዓሣ ስሰነጥቅ ቢላዋ የቆረጠኝ ነው።»

አየችው። የእኔንም እጅ ይዛ አየችው። «ታዲያ እሷን የት አደረጓት?» አለችኝ።

እስክትሞት ድረስ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

ሥዕልዎ በብስኩት ቆርቆሮ ላይ ሳይቀር ታትሟል። በገባሁበት ቤት ሁሉ ራሴን ሞቼ አገኘዋለሁ። ባለቤቶቹ «እንዴት ታምራለች» ይሉኛል፤ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ።

አሁን ሥዕሉ በከተማው አዳራሽ ሲሰቀል አጠገቡ ቆሜ ስለዚያ ቀን እንዳወራ ጽፈውልኛል። አልመጣም። ያለ አስተማሪ ማንበብ የተማርኩት እንዲህ ያለ ግብዣ ለማንበብ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ያድርጉ። ብሩሽዎን ይዘው ይሂዱና ያን መስኮት ይክፈቱት። ለምን ብለው ለሚጠይቁ ራስዎ ይንገሯቸው። እኔ ለእርስዎም ሆነ ለሌላ ሰው ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሳም።

ዴንዚል ትሬጌር