የእመ ኦቾሎኒ ሕይወትና የጨለማው ክፍል

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እመ ኦቾሎኒ» በመባል የሚታወቁት ባለቤቴ ከመምህር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በትጋት ተከታትለው በእጽዋት ሳይንስ ሁለት ዲግሪ ተቀብለዋል። በ1979 ዓ.ም. ይህን ታሪክ ከምጽፈው ከእኔ ከሰዓት ሠሪው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. በእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ከኦቾሎኒ ቅጠል ዲ ኤን ኤ አውጥተው ዘሮቹ በምን እንደሚለያዩ መመርመር ነበር። ኦቾሎኒ ግን ቀዩም ነጩም፣ ትልቁም ትንሹም ውስጡ ሲታይ አንድ እየሆነ አስቸገራቸው። ውጤቱ የሚነበበው መብራት በጠፋበት ክፍል፣ በልዩ ብርሃን ከሚያበሩ ቀጫጭን መስመሮች ነው። እዚያ ክፍል አብሯቸው የሚገባው፣ ጓንት ከእጁ ስለማይለይ «ጓንቱ» የምንለው የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ቀናሁ። ከእኔ ጋር ከበሉት ምሳ ከእሱ ጋር የበሉት ይበልጣል። ቤት ሲመጡም ወሬያቸው ጓንቱ እንዲህ አለ፣ ጓንቱ እንዲህ አደረገ ነው። ይህንኑ እያሰብኩ የፈታሁትን ሰዓት መልሼ መግጠም እረሳ ነበር። ለጎረቤትም ለዘመድም ስሙን አጠፋሁ። በ1992 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄጄ የጨለማውን ክፍል በር በርግጄ ገባሁ። የመስመሮቹን ፎቶ እያነሱ ነበር፤ ብርሃኑ ገብቶ የሳምንት ልፋታቸውን አበላሸው። እሳቸው ቀና ብለው፣ «እኛ ልዩነት ስንፈልግ ስድስት ዓመታችን፤ አንተ በር ከፍተህ አገኘኸው?» አሉኝ። ጓንቱ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመረ።

በዓመቱ ከመረመሯቸው ሰባ ሁለት ዘሮች አንዱ የተለየ መስመር አሳየ። ቅጠል የሚያደርቀውን በሽታ የሚቋቋም ሆኖም ተገኘ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ያየው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ባለቤቴ በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን አይተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም ብርታቱን ይስጥልን።

ይህን እያነበበላችሁ ያለው ጓንቱ ነው። እንዲያነብ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው ምን እንደተጻፈ ግን አልነገርኩትም። ጓንቱ፣ ፊት ለፊት ልነግርህ እያልኩ ሃያ ሦስት ዓመት አሳለፍኩ። እንግዲህ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለህ አንብበው፦ ስምህን ያጠፋሁት በሐሰት ነው። ይቅር በለኝ።