ስለ ልጄና ስለ በረዶው የጻፍኩት

ኖቬምበር 3
አላሹዋ እንደ ወትሮው ቀድሞኝ የምሠራበት የአዳኞች ቢሮ በር ላይ ቆሟል። «እማዬ፣ ዛሬም አረፈድሽ? ልጅሽ በብርድ ይሙት?» ዕድሜው ሰባ አራት ነው፤ እኔ ሠላሳ ስድስት። በእኛ ልማድ የሟች እናቱ ስም የወጣልኝ ስለሆነ እናቱ ነኝ፣ እሱም ልጄ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲሁ ነን። ሻይ አፈላሁለት። አዳኞቹ አንድ በአንድ እየገቡ ስለ ባሕሩ በረዶ ጠየቁት፦ የት ጠንክሯል፣ የት ሳስቷል... እሱን ሳይጠይቅ የሚወጣ የለም።

ከሰዓት በኋላ ደቡብ ካሉት ገንዘብ ሰጪዎች ደብዳቤ መጣ። ገንዘቡ ተፈቅዷል! የበረዶ ውፍረት መለኪያ መሣሪያ፣ ወጣቶቹ ከሽማግሌዎች ጋር የሚወጡበት፣ ለክሊኒኩም የሚሆን። በአየር ንብረት ለውጥና በጤና ስም ሦስት ዓመት ስንለምነው የኖርነው። ሁሉም እየመጣ አቀፈኝ። እኔ ግን የማመልከቻው ስድስተኛ ገጽ ትዝ አለኝ።

ኖቬምበር 5
እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው። ቅጹ ላይ «ያላችሁ የባህል እውቀት ለምን አልበቃችሁም?» የሚል ጥያቄ ነበር። አንጀት የሚበላ ነገር ካልጻፍኩ አይሰጡንም ብዬ... «ሽማግሌዎቻችን በረዶውን ማወቅ ተስኗቸዋል። ባለፈው ፀደይ አንድ ወጣት በሽማግሌ ምክር ሄዶ በረዶው ተሰበረበት፣ ሁለት የእግር ጣቶቹንም አጣ» አልኩ። ወጣቱ ጆቢ ነው፣ የአክስቴ ልጅ። ሽማግሌው አላሹዋ። አላሹዋ ግን «በገደሉ በኩል ዙር» ነበር ያለው። ጆቢ ቸኩሎ በቀጥታ ሄደ። አውቅ ነበር። አውቄ ገለበጥኩት። ከደቡብ ማን መጥቶ ያጣራል?

ኖቬምበር 9
የመንደሩ ሬዲዮ አቅራቢ ሚና ማመልከቻውን አነበበችው! ገንዘብ ሰጪዎቹ «ማመልከቻው በቋንቋችሁ ለሕዝቡ ይነበብ» ብለው ኖሯል። እሷም ተርጉማ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሬዲዮ ያልከፈተ ቤት በሌለበት... እህቴ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጠን ጥሬ ዓሣ እየበላን ነበር። እህቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አላሹዋን ነው እንዲህ የምትዪው?»

ስም አልጻፍኩም። ግን በዚህ መንደር ስለ በረዶ የሚጠየቅ ሌላ ማን አለ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኖቬምበር 10
አላሹዋ አልመጣም። ሻዩን ደፋሁት።

ኖቬምበር 13
ሄድኩ። አላሹዋ ቤቱ ወለል ላይ ካርቶን ዘርግቶ ያደነውን የባሕር እንስሳ ይቆራርጣል። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ምናለ በተቆጣኝ! ከጉበቱ ቆርጦ ሰጠኝ። «ብዪ እማዬ።» ከዚያ እጆቹን እያየ፣

«ጆቢን በቀጥታ ሂድ ብዬው ነበር እንዴ?» አለኝ። «ዙር ያልኩት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን... እናቴ በጽሑፍ አትዋሽብኝም። እኔ ነኝ የረሳሁት። አረጀሁ መሰለኝ።»

የሰጠኝን በላሁ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኖቬምበር 16
ወጣቶቹ አላሹዋ ቤት ድረስ ሄደው ስለ በረዶው ቢጠይቁት «እኔን ተዉኝ፣ መሣሪያው ሲመጣ እሱን ጠይቁ» አላቸው። መሣሪያው የሚመጣው በፌብሩዋሪ ነው። ከወጣቶቹ ሁለቱ ያለ ምክር ወደ በረዶው ወጡ። አንዱ እስከ ወገቡ ሰጥሞ በገመድ ተጎተተ። ክሊኒክ ተኝቷል፤ ደህና ነው አሉ። ለጤና ብዬ በጠየቅኩት ገንዘብ ሰው ላስገድል ነበር።

ኖቬምበር 17
ጆቢን አገኘሁት። «ሬዲዮውን ስትሰማ ለምን ዝም አልክ?»

«ተመችቶኝ ነዋ! ራሱ አጥፍቶ ነው ከመባል፣ ሽማግሌ አሳስቶት ነው መባል ይሻላል። አንቺስ?»

«እኔም ተመችቶኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅ ወለምታስ? ለደቡብ ሰዎች ጻፍኩ፦ ስድስተኛው ገጽ ውሸት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ ቢቀርስ? ሰው ምን ይለኛል? ሐሳቤን ሳልቀይር ላክሁት።

ኖቬምበር 18
ዛሬ በሬዲዮ ተናገርኩ፣ በዚያው በምሳ ሰዓት። «አላሹዋ ዙር ብሎት ነበር። ውሸቱ የኔ ነው። ልጄን አዋረድኩት።» ጆቢም ማይክሮፎኑን ተቀበለኝና «እውነቷን ነው፣ ጣቴን የበላው የራሴ ችኮላ ነው» አለ። የጣቢያው ስልክ ጮኸ። አንዲት አሮጊት ሰደቡኝ፤ ይገባኛል። ሌላው «ገንዘቡ ከቀረ መሣሪያውን ከአንቺ ነው የምንጠብቀው» አለ። አላሹዋ አልደወለም።

ኖቬምበር 24
ከደቡብ መለሱ፦ ገጹን አስተካክላችሁ ላኩ፣ ገንዘቡን እንደገና አይተን እንወስናለን። ታግዷል ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዤ አላሹዋ ቤት ሄድኩ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። የቅጹን ጥያቄ አነበብኩለት። ልክሰው ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር፦ «ሽማግሌዎቻችን በረዶውን ምንጊዜም ያውቁታል፣ ተሳስተው አያውቁም።»

«ሰርዢው» አለ።

«ለምን?»

«ይኼም ውሸት ነው። በረዶው የድሮው አይደለም። አንዳንድ ቀን አላውቀውም። እንዲህ ያለ ቀን እኔም አልወጣም፣ ሌላም ሰው አልልክም። አንድ ቀን ሳላውቅ የማውቅ መስሎኝ ሰው እልካለሁ ብዬ እፈራለሁ። ይኼን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ይፈልጋሉ? ያን ቅጽ ስሞላ በየጠዋቱ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር...

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መቼ ጠየቅሽኝ?»