ጳጉሜን የጎደለችበት ቆጠራ

ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ጥሩወርቅ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ቀን ግን እቆጥራለሁ። ደብተሬ፣ አንተን የገዛሁህ ለላሞች ነው። የትኛዋ መቼ በኮርማ ተጠቃች፣ መቼ ትወልዳለች። የአንኮበር ቁልቁለት ሰው የላሙን ቀን የሚያስቆጥረው እኔ ዘንድ ነው። እስከ ዛሬ በአንድ ቀን አልተሳሳትኩም።

ዛሬ የላም ወሬ የለም። ከደ/ብርሃን ሆስፒታል አሁን መግባታችን ነው። ጥሩወርቅ በስድስት ዓመት ትዳሯ ገና አሁን አረገዘች። ጤና ጣቢያ ሽንቷን አይተው አለ ብለዋታል። ግን ትንሽ ደም አየች፤ በቀኝ በኩልም ሆዷን ይወጋታል። ባሏ ለማ ሽምብራ ሊገዛ አረርቲ ወርዷል። እናቷ አፈር ከሆነች ቆይታለች። እኔው ወሰድኳት።

አልትራሳውንድ የሚያነሳው ዶ/ር ልጅ እግር ነው። ሆዷን ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ያንሸራትታል። ስክሪኑ ላይ ያለው ለኔ ጉም ነው። የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር አላት። አቀረቀረች። እኔም አፈርኩ፤ ይህን በአባት ፊት መጠየቅ ምን ይሉታል። ለተክለ ሃይማኖት ክብረ በዓል፣ ነሐሴ 24፣ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ቶሎ ይለቀን ብዬ እኔ መለስኩለት። አርባ ቀኗ ነው አልኩ። ጻፈው።

ከዚያ ስክሪኑን ወደኛ አዞረ። ይህ ማህፀን ነው፣ ባዶ ነው አለ። ባዶ ከሆነማ ምን ቀረ አልኩት። አይ አባቴ፣ ባዶ ማለት የለም ማለት አይደለም አለ። ወይ ገና ነው። ወይ ወርዷል። ወይ ደግሞ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ባየሁት ብቻ አልፈርድም አለ። ከማህፀኑ ኋላ ቀጭን ጥቁር ነገር ነበር፤ እሱ ላይ ብዙ ቆየ። ትንሽ ፈሳሽ ነው፣ በጤነኛም ይኖራል አለ። አርባ ቀን ከሆነ ላይታይ ይችላል፣ ገና ሳይሆን አይቀርም። ይቺን ቃል ያዝኩ። ገና።

ደሟን ቀዳ። ከሁለት ቀን በኋላ ኑ፣ የእርግዝናው ቁጥር እንዴት እንደጨመረ እናያለን አለ። ከዚያ በፊት ሆዷ ቢብስባት፣ ቢያዞራት ወይም ትከሻዋን ቢያማት ሰዓት እንዳታጠፉ። ሆድና ትከሻን ምን አገናኛቸው ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

የቀጠሮው ቀን ነው። አልሄድንም። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ገና ነው ተብሏል፤ ገና የሆነ ነገር በሁለት ቀን ምን ያሳያል? መንገዱም ያንገላታታል። ለሚካኤል እንሄዳለን። ጥሩወርቅ ዛሬ መሄዱ ይሻላል ብላ ነበር። ይህንንም ጻፊው አልኳት። ጻፈች። ፊቷ ገርጥቷል። ብርዱ ነው።

ለማ ደወለ። ስም ማውጣት ጀምሯል። ያልተወለደ አይጠራም፣ ዝም በል አልኩት። ስልኩ ሲዘጋ እኔም አንድ ስም ይዤ ነበር። አልናገረውም።

ጥቅምት 7፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጎረቤቴ አስካለ ላሟን ልታስቆጥር መጥታ በር ላይ ቆማለች። ጻፊ። ቦራ የምትባለዋ ነሐሴ 28 ተጠቃች። ነሐሴ ሁለት ቀን። መስከረም ሠላሳ። ጥቅምት ሰባት። ጳጉሜንን ጨምሪ፣ አምስት። ሰው ወር ሲቆጥር እሷን ይዘላታል፤ ከብት አይዘላትም። አርባ አራት። እስካሁን ሁለት ጊዜ ኮርማ መፈለግ ነበረባት፣ አልፈለገችም። ይዛለች በያት።

ብዕሩ ቆመ።

ጻፊ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ለኔስ ጨምረዋታል?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ነሐሴ ስድስት። መስከረም ሠላሳ። ጥቅምት አራት። አርባ። ጳጉሜን የለችበትም። አርባ አምስት ነበር። ለአስካለ ላም ቆጠርኳት፣ ለልጄ ዘለልኳት።

ከንጋት ጀምሮ የቀኝ ትከሻዋን እንደሚያማት አሁን ነገረችኝ። ባልዲ አላነሳች፣ እንጨት አልተሸከመች። ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ «ስቀው ነበር እኮ» አለች።

ተነሺ አልኳት። ጻፊ አላልኩሽም፣ ተነ

ጥቅምት 8፣ ደ/ብርሃን፣ ከሰዓት

ብዕሩ ዛሬ በአማቼ በለማ እጅ ነው። ንጋት ላይ ደረሰ።

ትናንት ሁለት እርምጃ ተራምዳ ወደቀች። አስካለ ጮኸች። የእድር ሰዎች በቃሬዛ እስከ አውራ ጎዳናው ተሸከሟት። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ወርዶ ቦታ ለቀቀልን። አንዲት ባልቴት፣ ልጅቷ እንዲህ ሆና እስካሁን የት ነበርክ አለችኝ። የልጄን ራስ ጭኔ ላይ አስደገፍኩ።

ያው ዶ/ር ነው። መሣሪያውን እንዳስቀመጠ እኔም አየሁ። ያ ቀጭን ጥቁር ነገር ኩሬ ሆኗል። ይህ ሁሉ ደም ነው አለ። ማህፀኑ አሁንም ባዶ። ከጎኑ፣ በቀኝ፣ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ነገር አለ። ልጁ እዚያ ነው ወይ አልኩት። እዚያ ነው አባቴ፣ ግን እዚያ አያድግም፣ ቱቦውን ቀዶታል አለ። አልጋውን እየገፉ ሮጡ።

ደም ያስፈልጋል ሲባል እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ዕድሜዬን ጠይቀው መለሱኝ። በበሬ የማርስ ሰው ደምህ አይሆንም ተባልኩ። አብራን የመጣችው አስካለ ሰጠች። ለማም እንደደረሰ ሰጠ።

ተርፋለች። የቀኙ ቱቦ ወጥቷል። የግራው ጤነኛ ነው። ልጁ የለም።

ዶ/ሩን ኮሪደር ላይ አስቆምኩት። አርባ አይደለም፣ አርባ አምስት ነበር፣ ጳጉሜንን የዘለልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አርባ አምስት ቢሉኝ ኖሮ ያንን ባዶ ገና ነው ብዬ አልሸኛትም፣ አስተኛት ነበር አለ። ቀጥሎም፣ የጠየቅሁት እሷን ነው፤ እርስዎ ሲመልሱ ዝም ብዬ መቀበል አልነበረብኝም አለ። ጥፋቱን ሊካፈለኝ ፈለገ። አልሰጠሁትም።

ለማ ይህን የሰማው አሁን ሲጽፍ ነው። ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ። ቆይቶ ተመለሰ። ጻፍ አልኩት። ይጽፋል። አያናግረኝም።

ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ብዕሩ ወደ ጥሩወርቅ ተመልሷል። ትራስ ተደግፋ ነው የምትጽፈው። ፊደሉ ጠመም ቢል ጥፋቱ የኔ ነው።

ዶ/ሩ ዞሮ አያት። ወደፊት ስታረግዥ ስድስት ሳምንት ሳይሞላሽ ነይ፣ የት እንደተቀመጠ ቀድመን እንይ አለ። የወር አበባሽን ቀን ያዢ ሲላት ልወጣ ተነሳሁ። «ይቀመጡ አባባ፣ ይስሙ» አለች። ተቀመጥኩ። እሷ ተጠየቀች፣ እሷ መለሰች። እኔ ጉልበቴን አያለሁ።

ለማ ትናንት ማታ ውሃ አቀበለኝ። ቃል የለም። ውሃው ይበቃኛል።

የያዝኩትን ስም ዛሬም አልናገርም።

ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ትከፈላለህ። ከፊት የላሞቹ፣ የኔ ቆጠራ። ከኋላ የጥሩወርቅ። ቀኗን ራሷ ትጽፋለች፤ ለኔ አይነበብም፣ እኔም አልጠይቅም። ሌላ ሰው ሲጠይቃትም አልመልስላትም።

በቃ። አሁን ከጥቅምት 4 ጀምረሽ አንብቢልኝ። አርባ ያልኩበት ጋ ስትደርሺ አዝነሽልኝ እንዳታልፊው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንብቢው።