መንሱር ሰፈር የቀረችው ሕፃን

ሰኞ

ወባ መስሎኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ትንቀጠቀጣለች። ሙቀቷ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። ትናንት ከመካ በአውቶቡስ ካመጧቸው አንዷ ናት። ሉባባ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ፣ ከሃያ ሁለት አታልፍም።

ከክሊኒክ ሥራዬ ስወጣ እዚህ ጅዳ፣ ወደ አገር የሚመለሱት በሚጠበቁበት ማቆያ ውስጥ የአገሬን ሰዎች መርዳት ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። ተቅማጥ፣ ጉንፋን፣ አፈሳውን ሲሸሹ ከጣሪያ ዘለው የተሰበሩ እግሮች... ለምጃለሁ። ይህችኛዋ ግን ልመርምርሽ ስላት እጇን አልፈታ አለች። ለምኜ ለምኜ ገለጥኩት። ጡቶቿን በሻሽ ጠፍራ አስራቸዋለች። ቀልተዋል፣ እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል።

«ልጅ አለሽ?» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማክሰኞ

ተናገረች። ሂክማ የምትባል የአምስት ወር ልጅ አለቻት። የተያዘች ቀን ለጎረቤቷ፣ ሐዋ ለምትባል የሐውሳ ሴት፣ ሰጥታት ዳቦ ልትገዛ ወጣች። መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ገበያው አፍ ላይ ፖሊሶች ያዟት። ስልኳንም ወሰዱባት፤ የሐዋን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም። አባትየው ከሚሠራበት ከፔትሮሚን ጋራዥ ተይዞ ቀድሞ ወደ አገር ተልኳል።

«ለምን ለፖሊሶቹ አልተናገርሽም?»

«ወረቀት የላት፣ ምን የላት። ይወስዱብኛል ብዬ ነው፣ ሲስተር። ሐዋም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የላትም። እሷንም ያስይዝብኛል።»

በሞቀ ጨርቅ እያሸሁ ወተቱን አለብኩላት። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ወተቱ ባልዲ ውስጥ ሲደፋ ስታይ ነው ያለቀሰችው።

ረቡዕ

መድኃኒቱ ይዞላታል። ሠላሳ ስምንት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትኩሳት ያለበት ሰው አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ግን ስሙ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። እኔ ባዳንኳት ቁጥር ከልጇ እያራቅኋት ነው። ማታ የምትውጠውን ኪኒን መዳፌ ላይ ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ይህንንም ልጻፈው። ከዚያ ሰጠኋት።

ከእኛው ጋር በፈቃዱ የሚያግዘውን ሐኪም ጥቂት ቀን እንዲያቆያት ለመንኩት። «ማርታ፣ ትኩሳቷ ከወረደ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ተናደድኩበት።

መካ ራሴ ብሄድ! ኢቃማዬ ላይ ሙስሊም አለመሆኔ ተጽፏል፤ ኬላውን አላልፍም። ክሊኒክ አብራኝ የምትሠራውን ሐያትን ሄዳ ሕፃኗን እንድታመጣት ጠየቅኋት። የሐረር ልጅ ናት፤ መኪና ያለው ባል፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አላት።

«ወረቀት የሌለው ሕፃን ይዘን ብንያዝስ? ልጄን ለማን ጥዬ?» አለች። «ባሌን ላማክረው» ብላ ሄደች።

ሐሙስ

ሠላሳ ሰባት። ሰባት ሰዓት ላይ ስሟ ተጠራ።

አልጮኸችም። ሁሉንም ነገረችኝ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሦስተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴ በር፤ የሂክማ ግራ ትከሻ ላይ ጥቁር ምልክት አለ፤ ጆሮዋን ካላሿት አትተኛም። ስልክ ቁጥሬን ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት።

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዞር ብላ፣ «ሲስተር፣ ባትመጣልኝስ?» አለችኝ።

ወታደሩ «ያላ!» ብሎ አጣደፋት። በሩ ተዘጋ።

ዓርብ

የሐያት ባል እሺ ብሏል፤ ሁለቱም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ መካ መንገድ ጀመሩ። ልጃቸውን እኔ ዘንድ ተዉ። አሥር ሰዓት፣ የለም። አሥራ አንድ፣ የለም። ልጅቷ «ማማ?» ትለኛለች። የማይሆን ነገር ውስጥ ከተትኳቸው እያልኩ ስንቆራጠጥ ዋልኩ።

ሊመሽ ሲል መጡ። ሐያት አባያዋ ውስጥ ሂክማን ይዛለች!

ሐዋ በሯን ከውስጥ ዘግታ አልከፍትም ብላቸው ነበር። የሉባባን ስም፣ የሂክማን የትከሻ ምልክት ሲነግሯት ነው የከፈተችው። እነዚህን ቀናት ሁሉ ከራሷ ልጅ ጋር እያፈራረቀች ስታጠባት ነበር። አሳልፋ ስትሰጥ ሁለቴ መልሳ ወሰደቻት አሉ። መንገድ ላይ አንድ ወታደር ወደ መኪናው አጎንብሶ ሕፃኗን አየ። ሐያት «ቢንቲ» አለችው። ልጄ ናት። አሳለፋቸው።

ሐያት ሂክማን አስረክባኝ የራሷን ልጅ አቀፈች።

ቅዳሜ

ሉባባ ከአዲስ አበባ በሰው ስልክ ደወለች። ተመላሾች የሚያርፉበት ግቢ ናት። «ሳላያት ወሎ አልሄድም።» ልጅቷን ስልኩ አጠገብ አደረግኋት። ጭራሽ ድምፅ አላሰማ አለች።

ማን ይውሰዳት? ማቆያው አዳራሽ ውስጥ መሪማ የምትባል የከሚሴ ሴት አለች፤ ነገ ተሳፋሪ ናት። ነገሩን ነገርኳት። ብዙ አላሰበችም። «የኔ ናት ብዬ እይዛታለሁ። አላህ ያውቀዋል።»

ተሳፋሪዎችን የሚመዘግበው የአገራችን ሰው ነው። ወረቀቱን አየ። መሪማን አየ። «እዚህ ልጅ የለሽም ይላል።» እኔንም አየኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ «አንድ ልጅ» ብሎ ጻፈ።

እሑድ

መሪማና ሂክማ ሄዱ። ትናንት ማታ ጆሮዋን እያሸሁ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ዳዊት ላነብ ብዬ አንድ ገጽ ላይ ቀረሁ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የደወለ የለም። የመሪማም ስልክ አይሠራም። መሳፈራቸውን ያየ አላገኘሁም። አዲስ ሁለት አውቶቡስ ሰው ከመካ ገባ።

ማክሰኞ

ደወለች።

«ደርሳልኛለች፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ሉባባ። «ሲስተር፣ እምቢ አለችኝ። ስይዛት ትጮሃለች፣ መሪማ ስትይዛት ዝም ትላለች። ልጅ እናቱን ይረሳል እንዴ?»

«አይረሳም። ጥቂት ቀን ስጫት» አልኳት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ አልወለድኩም፤ መጽሐፍም አላገላበጥኩም።

መሪማ ዛሬ ወደ ከሚሴ መሳፈር ነበረባት። ሂክማ እስክትለምድ ብላ ቀርታለች አለችኝ።

ከበስተጀርባዋ ሕፃን ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ጉልበት ያለው፣ የጤነኛ ልጅ ልቅሶ። ሉባባ «ይኸው ጀመረች፣ ልሂድ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋው ሮጠች። እኔም አልዘጋሁትም።